ለኡኬ ወላጆች የያዝሁት ወሬ

የክልላችን ምክር ቤት ዓመታዊ ጉባኤውን አጋምሶ ለእረፍት ሲበተን፣ እኛ አባላቱ ወደ መራጮቻችን ሄደን የተሠራውንና ያልተሠራውን እንነግራቸዋለን። እኔ የተመረጥሁት ከነቀምቴ ዙሪያ ነው። ምክር ቤት ከመግባቴ በፊት ነቀምቴ ውስጥ አስተማሪ ነበርሁ። ባለቤቴ ዛሬም ያስተምራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ከደረሰችው ልጃችን ከሲፈን ጋር በከኒሳ ቀሴ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር ባለው ቤታችን ይኖራል። እኔ በጉባኤው ወራት የምከርመው አዲስ አበባ ነው። የካቲት ላይ ሻንጣዬን ስዘጋ ሥራዬ ጉቴና ኡኬ በሚባሉ ትናንሽ ከተሞች ሰው ማነጋገር ነበር፤ ልቤ ግን ቀድሞኝ ቤቴ ገብቷል።

ባኮ፣ ምሽት

ሾፌራችን ኦቦ ገመቹ የሆሮ ሰው ነው፤ ዝምታ አይወድም። ሆለታንና አምቦን እያወጋን አለፍን። ጉደር ላይ ቆመን ሽንኩርት ገዛን፤ በዚያ መንገድ ሽንኩርት ሳይገዛ የሚያልፍ ሾፌር የለም። ባኮ ስንደርስ ፀሐይ ጠለቀች። በጨለማ መጓዝ ስለማይመከር እዚያው ለማደር ወሰንን። ሙቀቱ ገና አልበረደም። የሆቴሉ ሴትዮ ማንጎ ልጣ በሳህን አቀረበችልን፤ ስልኬ ሲጮኽ እጄ በጭማቂ ተጨማልቆ ነበር።

«ሀርሜ፣ ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አለች ሲፈን። ሀርሜ ማለት እናቴ ማለት ነው።

«እመጣለሁ፤ ግን ማታ ነው። መጀመሪያ ጉቴ፣ ከዚያ ኡኬ ስብሰባ አለብኝ።»

«ወደ ኡኬ ስትሄዱ በነቀምቴ አይደል የምታልፉት?»

«በነቀምቴ ነው።»

«እና ታዲያ?»

ከኡኬ ሳይመሽ መመለስ እንዳለብን፣ ሰው ሥራውን ትቶ እንደሚጠብቀን ልነግራት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን «እሺ በቃ» ብላ ስልኩን ለአባቷ ሰጠችው።

ጉቴ፣ ረፋድ

በማለዳ ተነስተን ሲሬን አልፈን ጉቴ ገባን። ለጉቴ የያዝሁት ወሬ ጥሩ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሚቆረጠው የገጠር መንገድ እንዲጠገን በጀት ተፈቅዷል። ይህን ስናገር አዳራሹ አጨበጨበ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ሴቶቹ በቅቤ የተለወሰ አንጮቴ አቅርበው «ሳትቀምሺ አትሄጂም» አሉ። አንጮቴ ከአፈር የሚወጣ የወለጋ ሥር ነው፤ አዲስ አበባ ብፈልገው በቀላሉ አላገኘውም። ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ። በዚህ መሀል ሰዓቱ ሄደ።

ነቀምቴ ስንገባ ተማሪ ከትምህርት ቤት ለምሳ የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መንገዱን ሞልቶታል። ባየሁት ቁጥር ሲፈን እየመሰለኝ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ወደ ሰፈራችን የምታስገባው የኮብልስቶን መንገድ ጋ ስንደርስ ኦቦ ገመቹ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«አዴ፣ ለአፍታ ብቻ ብቅ ይበሉ። ምን ይመጣል?» አለኝ። አዴ እንደ ወይዘሮ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

የጓሯችን አቮካዶ ጫፉ ከጣሪያው በላይ ይታየኛል።

«እንለፍ፣ ኦቦ ገመቹ። ከገባሁ አልወጣም።»

ማርሹን ቀየረ።

ኡኬ፣ ከሰዓት በኋላ

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ሲወጡ መንገዱ እየወረደ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። የበቆሎው ማሳ ታጭዶ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ኡኬ በመንገድ ዳር የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። በቀበሌው አዳራሽ የጠበቁኝ ግን አብዛኞቹ ወደ ውስጥ ገባ ካሉ የገጠር መንደሮች በእግር የመጡ ወላጆች ነበሩ። በየመንደራቸው ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆማል። ልጆቻቸው ዘጠነኛ ለመማር ነቀምቴ ቤት ይከራያሉ። ወላጆቹ በአቅራቢያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሠራላቸው ጠይቀው፣ ጥያቄውን ለምክር ቤቱ ያቀረብሁት እኔ ነኝ።

በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼ ጀመርሁ። ስለ ጤናው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መንገዱ ተናገርሁ። ትምህርት ቤቱ ላይ ስደርስ «ጥያቄያችሁ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል፤ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በትኩረት ይታያል» አልሁ።

ከወሎ መጥተው እዚህ ያረጁት ጋሽ እንድሪስ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። እሳቸው የተናገሩት በአማርኛ ነበር።

«አቦ እህት ዓለም፣ እኛ ገበሬዎች ነን። አለ ወይስ የለም? እሱን ንገሪን።»

«ለዘንድሮ የለም» አልሁ።

ከወደኋላ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ተነሳች፤ አዴ ቢፍቱ ትባላለች።

«እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት» አለች። «ሶሬቲ ነቀምቴ ከገባች ወዲህ ቤቴ ዝም አለ። ከብቶቹ እንኳ ማታ ሲገቡ እሷ ትቆምበት ወደነበረው በኩል ነው የሚያዩት። ትማር፣ አልከለክላትም። ግን እኔ ባላየኋት ጊዜ እየረዘመች ነው። ባለፈው ስትመጣ ቀሚሷ አጥሯት አገኘሁት።»

የሲፈን «እና ታዲያ?» ጆሮዬ ላይ ነበር። «ልክ ነሽ፣ እህቴ» ብቻ አልኋት።

ስብሰባው አብቅቶ ወደ መኪናው ስሄድ አዴ ቢፍቱ ተከትላኝ መጣች። በጨርቅ የታሰረ ጭኮ ይዛለች፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ ለመንገደኛና ለተማሪ ስንቅ የሚሆን።

«የእርስዎ ሰፈር በከኒሳ ቀሴ አይደል? ሶሬቲም እዚያው ነው የተከራየችው። ያድርሱልኝ።»

እሷን ያዩ ሌሎችም ለልጆቻቸው ያዘጋጁትን ቋጠሮ ይዘው መጡ። ኦቦ ገመቹ ጎማና መሣሪያ የሚያስቀምጥበትን ቦታ አስለቅቆ እያንዳንዱን ቋጠሮ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ደረደረ። «ነጋን ገላ!» ብለው ሸኙን፤ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው።

ነቀምቴ፣ ሳይመሽ

ቋጠሮዎቹን ከቤት ወደ ቤት እየጠየቅን አደልን። መጨረሻ የቀረችው ሶሬቲ ነበረች። የተከራየችበት ክፍል ከአንድ ግቢ ጀርባ ነው። በሩን ስትከፍት ልብሷ በከረጢት ታጭቆ አልጋዋ ላይ ተቀምጧል። «ከእናትሽ ነው» ብዬ ቋጠሮውን ሰጠኋት። ፈትታ አልቀመሰችም፤ ጨርቁን ወደ ፊቷ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አሸተተችው።

«እናቴን አዩአት? ከሳች?»

«ደህና ናት። ናፍቃሻለች። ይሄ ከረጢት ምንድን ነው?»

አቀረቀረች። «ቅዳሜ ወደ ቤታችን ልገባ ነው፤ አልመለስም። ትምህርት ቤቱ እኛ ጋ ሲሠራ እቀጥላለሁ። ፈቀዱ አይደል?»

ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን ያንኑ መናገር ነበረብኝ። «ዘንድሮ አልተፈቀደም። መቼ እንደሚፈቀድም አላውቅም። ብትጠብቂው ዓመትሽ ይሄዳል።»

እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። «ነይ፣ እራት እኛ ቤት እንብላ» አልኋት።

ሲፈን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ከትከሻዬ በላይ ሆናለች። አዴ ቢፍቱ ያለችው ያኔ ገባኝ። ባለቤቴ ሁለቱንም ልጆች አይቶ አንድ ሳህን ጨመረ።

ስንበላ ሲፈን «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለችኝ። የመጣሁበትን አቧራ እንኳ ገና አልታጠብሁም።

እኔ ሳልመልስ ሶሬቲ ቀደመችኝ። «እሱን ዛሬ አትጠይቂያት» አለቻት በቀስታ። «እኔ እናቴ ጋ ስሄድ የመመለሻዬን ቀን አንናገርም። የተናገርን ቀን እንጀራው አይወርድልንም።»

ከእራት በኋላ ሁለቱ ጓዳ ገብተው የሂሳብ ጥያቄ ሲሠሩ ሰማኋቸው። ሶሬቲ በኦሮምኛ ታስረዳለች፣ ሲፈን ትሟገታለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ስትወጣ ሶሬቲ ከረጢቱን እንደምትፈታው ነገረችኝ። «ለፋሲካ እገባለሁ እንጂ ቅዳሜ አልሄድም። ለእናቴ ይንገሩልኝ።» እሁድ እሁድ ከቸርች በኋላ እኛ ጋ እንድትውል ተስማማን።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። ለሕዝብ ወሬ ይዤ ስሄድ፣ «ይታያል» የምለው ነገር ሁሉ በሆነ ቤት ውስጥ የአንድ ልጅ እድሜ ሆኖ ይቆጠራል። ትምህርት ቤቱን ለኡኬ ወላጆች አላመጣሁላቸውም፤ ጉባኤው ሲቀጥል እንደገና እጠይቃለሁ። ያን ምሽት የሶሬቲን ሳቅ ደስ ብሎኝ አዳመጥሁ። ያ ሳቅ ግን የኔ አልነበረም። ከኡኬ ወዲያ፣ ከብቶቿን አስገብታ በሯን የዘጋች እናት ልትሰማው የሚገባ ነበር።