ያላዩትን የማይጽፉ ሽማግሌ

አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስታምም ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ካላቸው የስፔን ሕዝቦች አንዱ፣ ካታላን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብ ወለድ ሲጽፉ ኖረው በስተርጅና ሴት ልጃቸው ዘንድ የመጡ። "አባባ" እላቸዋለሁ፤ ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ እናወራለን። በወጣትነታቸው በቋንቋቸው ማሳተም ክልክል ስለነበር የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሟል። የጻፉት ስለ ቡሽ ፋብሪካ ሠራተኞችና ሰርዲን በጨው ስለሚደረድሩ ሴቶች ነው። ያላዩትን አይጽፉም። ለአንዲት ምዕራፍ ብለው ክረምቱን ከሴቶቹ ጋር ዓሣ ሲያጸዱ እንደከረሙ ነገሩኝ። እኔ በሆዴ ስቄያለሁ፤ የተማረ ሰው ምን በወጣው!

ከሪችመንድ በባቡር መጥቼ ሻይ ሳቀርብ ደብተራቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል።

"ዛሬ እንዴት ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እሱንማ ትናንትም አመሰገንሽው። አንቺስ?"

ያኔ ነገሩ ያሰለቸኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አፍጥጦ የሚጠይቀኝ ሰው በጣም ናፍቆኛል።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰብስበው መጡና የእናቴን መርዶ ነገሩኝ። ለቅሶ ተቀምጬ ረቡዕ ሥራ ገባሁ። በእኛ ለታመመ ሰው ሞት አይነገርም። አባባ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። የዚያን ቀን "አንቺስ?" አላሉኝም፤ ሻያቸውን ጠጥተው ጻፉ። እፎይ አልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ከቀብሩ ሳምንት ቆይቶ ልጃቸው ጠራችኝ። "ስላንቺ የጻፈው አለ" ብላ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበችልኝ።

"ረቡዕ። እግዚአብሔር ይመስገን አለች። እኔ ስኳር ተከልክያለሁ፤ እሷ ሻዬ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨመረች። ጠጣሁት። እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።"

ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። ወረቀት የማያባክኑ ሰው ነበሩ፤ ሌላው ገጽ ሁሉ እስከ ጠርዙ ተጽፎበታል።

ሁለት ወር ሙሉ ጠብቀውኛል። እኔ ሞኟ ደግሞ ከሐዘን የማድናቸው መስሎኝ በየቀኑ ፈገግ እያልኩ እገባ ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሰው ሐዘን መስማት መሆኑን እያወቅሁ!

"ምን ነበር የጠበቀው?" አለችኝ ልጃቸው።

መዳፌን ባዶው ላይ አሳረፍኩ። "እናቴ ሞታብኝ ነበር፣ አባባ" አልኩ፤ በአማርኛ።