ስንጥቁ ላይ የነበረችው ብርጭቆ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጠርጥር» በሚለው ስም ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለው ተረት ለእሱ ብቻ የተተረተ ይመስላል። መንገድ ሲሻገር መኪና የማይመጣበትን ወገን ሁለቴ ያያል። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ይፈትነዋል። ሴት ልጁ ስትስቅ እንኳ «ኧረ ቀስ፣ ትን እንዳይልሽ!» ይላል።

ሙያው ልስን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ በጀሶ ሲያለሰልስ ይውላል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን ሚስቱ «ሽማግሌው መጡ» እያለች በሩን ትከፍትለታለች። እጁ እንዲህ የረጋ ሰው ልቡ እንዲህ መራዱ ይገርማል። የልስን ማንኪያውን ይዞ ግድግዳ ፊት ሲቆም የተኛ ውሃ ነው። ማንኪያውን ያስቀመጠ እንደሆነ ግን ፍርሃቱ በር ላይ ሲጠብቀው እንደዋለ ውሻ ጭራውን እየቆላ ይከተለዋል።

ሚስቱንም ያገኛት በልስን ነው። የእናቷን ሳሎን ሊለስን ገብቶ ሥራው አላልቅ አለው፤ ጨረስኩ ባለ ማግስት አንዲት ጉድለት ያገኝና ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ እናትየዋ «ይህ ሰው የሚያለሰልሰው ግድግዳውን ነው ልጄን?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ከልጃቸው ፊት ላይ አነበቡት።

የዚያ በጋ ጭንቀት ግን እንደሌላው ጊዜ ከባዶ የመጣ አልነበረም። አከራያቸው ልጃቸውን ሊድሩ ነውና «ቤቱን ልቀቁልኝ» አሉ። ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲዘጋ ደግሞ እንደየዓመቱ አማቱ፣ የሚስቱ ታላቅ እህትና የእህትየዋ ሁለት ልጆች ከሩቅ ከተማ መጥተው እረፍቱን አብረዋቸው ያሳልፋሉ።

«እናቴን መንገድ ዳር ልቀበላት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ይገኛል» አለ እሱ። ሌሊት ሌሊት ግን እንቅልፍ አልነበረውም።

ደላላው ፀሐይ ሳይል አዟዟራቸው። የመጀመሪያውን ቤት ጠርጥር አሸተተና «እርጥበት አለው» አለ። የሁለተኛው ቤት ጣሪያ ላይ ትልቅ ዛፍ ተንጋዶበታል፤ ገና ከበሩ ተመለሰ። ሦስተኛው ደረጃው መደገፊያ የለውም። በየገባበት መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፣ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርጋል፣ ጆሮውን ይለጥፋል።

ደላላው ላቡን ጠረገ። «ወንድሜ፣ ቤቱን ልትከራየው ነው ወይስ ልታገባው?»

«ላገባው ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቅም። ሚስት አትናድም።»

«በሱ እንኳ አትተማመን!» አለች ሚስቱ ከኋላው።

አንድ ቀን እሱ ሥራ ላይ ሳለ ሚስቱ ራሷ ቤት መረጠች። መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ያለ፣ ሰፊ ሳሎንና ዝቅ ያለ ትልቅ መስኮት ያለው፣ ግድግዳው እንደ እንቁላል ቅርፊት የለሰለሰ ቤት። ሊያየው ሲገባ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። የደከመ ፊቷ ላይ እንዲህ ያለ ተስፋ አይቶ አያውቅም። እጁ ወደ ግድግዳው ሊሄድ ተነሳ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ጥሩ ቤት ነው» አለ። ፍርሃቱን ለፍቅር ብሎ ሲውጥ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዶቹ መጡና ቤቱ ሞላ። ሙቀቱ የሚያስነባ ስለነበር አማቱና ልጆቹ ሳሎኑ ወለል ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ፤ መስኮቱ ላይ የራሰ አንሶላ ይሰቀላል። ሦስቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ ግቢው ቧንቧ ሥር ሲንቦጫረቁ ይውላሉ። አማቱ እንግዳ መሆን የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው ይነሱና የተጠረገውን ይጠርጋሉ፣ የታጠበውን ያጥባሉ። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጎረቤት አዲስ ሕንጻ ሊሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። የመቆፈሪያው መኪና መሬቱን በመታ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ።

ጠርጥር ስንጥቋን ያየው በዚያው ሳምንት ነው። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስታ ወደ ጣሪያው የምትወጣ፣ ፀጉር የመሰለች መስመር። ቀጥታ ከፍራሹ በላይ።

«ስንጥቅ አየሁ» አለ ምሳ ላይ።

«ስንጥቅ ሳታይ የዋልክበት ቀን አለ?» አለች ሚስቱ።

እህትየዋ፣ እሱም ልጆቹም «እታለም» የሚሏት፣ ጉንጯን ወደ እሱ አዞረች። «ጠርጥሬ፣ የኔንም ፊት እየውማ! ስንጥቅ በስንጥቅ ሆኗል፤ የተረፈህ ጀሶ ካለ ለስነኝ።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ግድግዳው ትንፍሽ አላለም። የተሳቀበት ሰው ዝም ማለት ይቀለዋል።

ሙያውን ያስተማረው አሮጌ ለሳኝ ለእንዲህ ያለው ነገር ዘዴ ነበረው። ስስ የብርጭቆ ቁራጭ ስንጥቁ ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ወዲህና ወዲያ በጀሶ ማጣበቅ። ብርጭቆ አይለጠጥም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል ከተላቀቀ መሃሏ ላይ ቀጭ ትላለች። ሙሉ ከሆነች ስንጥቁ አሮጌ ነው፣ ተኛ። ከተሰበረች ግን ቤቱ እየሄደ ነውና አንተም ሂድ።

ሰው ሁሉ ገበያ የወጣ ዕለት ጣት የምታህል ብርጭቆ ለጠፈ፤ በመስኮቱ መጋረጃ ጠርዝም ሸፈናት። ለማንም አልተናገረም። ስህተቱ ይኸው ነበር።

ጠዋት ሥራ ሳይሄድ መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል፤ ሙሉ ናት። ማታ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ገለጥ ያደርጋል፤ ሙሉ ናት። ከሥሯ ሦስት ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። አንዲት የብርጭቆ ቁራጭ ይህን ሁሉ ትንፋሽ ተሸክማ ማደሯ ያስደንቀው ነበር፤ ሙሉ ሆና ባያት ቁጥር ዓለም እንደገና ተፈጥራ የተሰጠችው ይመስለዋል።

አንድ ቀን ሥራ በግማሽ ቀን ተጠናቀቀና በምሳ ሰዓት ተመለሰ። ቤቱ በሙቀት ደክሞ ተኝቷል። ልጆቹ ፍራሹ ላይ ተዘርረዋል፣ እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ታንጎላጃለች፣ ሚስቱ ጓዳ ናት፤ አማቱ ብቻ ነቅተው ልብስ ያጥፋሉ። ጠርጥር መጋረጃውን ገለጠ።

ብርጭቆዋ የለችም። ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል።

«እማማ…» አለ መጋረጃውን እንደያዘ። «እዚህ ጋ አንዲት ብርጭቆ አልነበረችም?»

«አዎ፣ ጠዋት አንተ እንደወጣህ ከነጀሶዋ በቢላ ፍቄ አነሳኋት። የነዚህን ውሪዎች እጅ ብትቆርጥስ? ሰው ቤት ለስኖ ሲጨርስ ስባሪ ለጥፎ ይሄዳል? ይህን ቤት የለሰነው ሰው ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው!»

«ሲያነሷት ሙሉ ነበረች ወይስ ተሰብራ?»

«እንዴት ማለት?»

«መሃሏ ላይ። ቢላው ሳይነካት በፊት።»

አማቱ እጃቸውን ከልብሱ ላይ አነሱ። «ለሁለት ሆና ነው የወጣችው። ግን ቢላዬ ይሁን፣ ቀድሞ ይሁን… እኔ እንጃ ልጄ። ዓይኔም ደክሟል።»

«ስባሪዋስ?»

«ከቆሻሻው መኪና ጋር ሄደች።»

ጠርጥር መዳፉን የተወለወለው ግድግዳ ላይ አሳረፈ። ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር ፊት ነበረው፤ የሚናድ ግድግዳ፣ የሚወድቅ ዛፍ፣ የሚሰበር ወንበር። ይህ ግን ፊት አልነበረውም። ብርጭቆዋ ያየችውን አይታ ሄዳለች። ሌላ ለጥፎ መጠበቅ ይችላል፤ ግን እነማንን ከሥሯ አስተኝቶ ነው የሚጠብቀው?

ከቤቱ ጀርባ መኪናው መሬቱን መታ። የትንሿ ልጁ ሽፋሽፍት ላይ ነጭ ብናኝ ዱቄት አረፈ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ ነካው። ጀሶ ነበር።

«ተነሱ! ውጡ! ሁላችሁም!»

እታለም በርግጋ ተነሳች። «ምንድን ነው? እሳት ነው?»

«ግድግዳው ነው።»

«ኤጭ! ነፍሴን አወጣኸው እኮ! ደግሞ ግድግዳው ምን አለህ?»

ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ተለዋወጠ። «በእናቴ ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ? ጎረቤት ምን ይላል?»

ያኔ አማቱ ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉና ትንሿን ልጅ አቀፏት። «ፈሪ ለእናቱ ይኖራል ሲባል አልሰማሽም? እኔም እናት ነኝ። ብርጭቆዋ የሱ ዓይን ነበረች መሰለኝ፤ ዓይኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ታዲያ አሁን በማን ዓይን ልመራ? በዚህ በደከመው?» ብለው ቀድመው ወጡ።

ከመንገዱ ማዶ፣ የአጥር ጥላ ሥር፣ ፍራሹን አንጥፈው ተቀመጡ። ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያያቸዋል። ቤቱ ግን ምንም አላለም። ድስት ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» እንደሚል ልጅ ጭጭ ብሎ ቆሟል።

«ጠርጥሬ» አለች እታለም ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «ቤቱ እኛን እያየ እየሳቀ ነው።»

እሱም መጠራጠሩን መጠራጠር ጀመረ። ምናልባት ዱቄቱ ከራሱ ልብስ የረገፈ ይሆናል፤ ቅንድቡ እንኳ ነጭ አይደል? ግድግዳው ባይናድ የሚመጣው ዕፍረት፣ ቢናድ ከሚመጣው ጉዳት የከፋ መስሎ ታየው። ወዲያው ይህን በማሰቡ ራሱ ደነገጠ።

«ወይኔ፣ ድስቱ!» አለች ሚስቱ ብድግ ብላ። «ሳላወርደው ወጣሁ!»

«ይረር! አትግቢ!»

«አንተ ፈርተህ ምሳችን ይረር?» ሮጣ ተሻገረችና ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ከዚያ ድምፁ ተሰማ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። የበሩ እጀታ ከውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ታየ።

«በሩ እንቢ አለኝ!» አለች እየሳቀች። ደግማ ሞከረች። «ኧረ እንቢ አለኝ!» አሁን አልሳቀችም።

ወንበር ሳይፈትን የማይቀመጠው ሰው መንገዱን ሳያይ ተሻገረ። በትከሻው በሩን ገፋ፤ መቃኑ ተጣሞ በሩን ነክሶታል። የቀረው ዝቅ ያለው መስኮት ብቻ ነው፣ ከስንጥቋ ሥር። ስንጥቋ አሁን ጣት ታስገባለች። አንሶላውን ገንጥሎ ሁለት እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ።

«በዚህ ነይ!»

ሚስቱ ከጭሱ ውስጥ ብቅ አለች፤ ድስቱን ታቅፋለች።

«ጣይው!»

«ምኑን?»

«ድስቱን ጣይው፣ አንቺ ሴት!»

ጣለችው። በብብቷ ይዞ ጎትቶ አወጣት፤ ተያይዘው መንገዱን ተሻገሩ። ገና ማዶ ሳይደርሱ፣ ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ጣሪያው ያለው ግድግዳ ልክ እንደ ደከመው ሰው ወደ ውስጥ ጋደም አለ። ቤቱ አልፈረሰም። የፈረሰው ፍራሹ የነበረበት ቦታ ነው። በመስኮቱ ነጭ አቧራ ወጣ፤ ቀስ እያለ፣ ምንም የሚያስቸኩለው ሳይኖር።

ማንም አልተናገረም። እታለም የልጆቹን ራስ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ታለቅሳለች። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ «እግዜር ነው ያወጣችሁ» አሉ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች ሚስቱ። ቤት የላቸውም፤ እረፍቱም ገና አላለቀም።

አማቱ ነጠላቸውን አራገፉ። «በሉ ተነሱ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠን። ዘንድሮ እንግዶቹ እናንተ ናችሁ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ የተረፈውን ጨርቅ ጠቅልለው ወደ አማቱ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልጆቹ እርስ በርስ ተደራርበው ተኙ። ጠርጥርና ሚስቱ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም ከእግር እስከ ራስ ነጭ ናቸው። አውቶቡሱ ከከተማው ወጣ።

«ፈርተህ ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«በጣም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። «እኔም» አለች።