ድምፄ ሲደክም የሰሙኝ ወዳጆቼ

መጀመሪያ የደከመው ምላሴ ነው። እግሬ ወይም እጄ ቢሆን ኖሮ ከሥራ ብዛት ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሣጥን ማሸግ ማንንም ያደክማል። ምላሴ መድከሙን ደግሞ ያወቅሁት እኔ አይደለሁም። እትዬ እናኑና ጌታሁን ናቸው።

ማን እንደሆኑ ላስረዳ። በኮሮና ጊዜ የዕብራይስጥ ትምህርታችን፣ ኡልፓኑ፣ በኢንተርኔት ሆኖ ነበር። ትምህርቱ አለቀ፣ ተማሪው ተበተነ፤ እኛ ሦስታችን ግን የስልክ ቡድናችንን ሳንዘጋው ቀረን። እኔ ቂርያት መላኪ፣ እትዬ እናኑ ገዴራ፣ ጌታሁን ያቭነ። መንገዱ ቅርብ ነው። ግን እኔ በፈረቃ እሠራለሁ፣ እትዬ እናኑ አንዲት አሮጊት ቤት ሄደው ያስታምማሉ፣ ጌታሁን የጭነት መኪና ይነዳል። "ለበዓል እንገናኛለን" እያልን ዓመታት አለፉ፤ በአካል ግን አንድ ቀን እንኳ አልተገናኘንም።

ጠዋት ጠዋት የድምፅ መልእክት እንላላካለን። ጌታሁን "ያላ፣ ተነሡ!" ብሎ ይጀምራል። እትዬ እናኑ ወሬያቸው ረጅም ነው፤ እኔና ጌታሁን አፍጥነን እንደምንሰማቸው ሲያውቁ ይቆጣሉ፣ ከዚያም ቁጣውን ራሱን ረጅም አድርገው ይልካሉ። ባሌ ሞቷል፣ ልጄ ወታደር ነው፤ ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የሰው ድምፅ የእነሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ስለ ልጄ ረዘም ያለ መልእክት ላክሁ። ጌታሁን መለሰ፦ "ፈንቴ፣ ምን እየበላሽ ነው የምታወሪው? መጨረሻው ላይ አፍሽ ሞልቷል።"

ምንም አልበላሁም ነበር። ሣቅን፤ አለፈ።

ከዚያ የግራ ዓይኔ ቆብ ይወርድ ጀመር። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይከደናል። ማሸጊያው ላይ አንዱ ሣጥን ሁለት ይሆንብኛል። ምግብ ሳኝክ መንጋጋዬ መሐል ላይ ይቆማል፤ አገጬን በእጄ ደግፌ እበላ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሐኪሙ በጠዋት አየኝ፤ በጠዋት ደግሞ ምንም የለብኝም። "ድካምና ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት ውሰጂ" አለኝ። ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

እትዬ እናኑ ግን አልተዋጠላቸውም። "አንቺ ልጅ፣ ጭንቀት የሰው ድምፅ አይለውጥም" አሉኝ። "የአምናውን መልእክትሽንና የትናንቱን አከታትዬ ሰማሁት። ሌላ ሰው ነሽ።" ጌታሁን ጨመረበት፦ "ስትጀምሪ ድምፅሽ ነው፣ ስትጨርሺ በአፍንጫሽ ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ይህንኑ አሰሚ። ሄድሁ እስክትይ ድረስ በየቀኑ ነው የምጠይቅሽ።" በእርግጥም በየቀኑ ጠየቀኝ።

በመጨረሻ አንዲት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ አማርኛ አትችልም። መልእክቱን ከፈትሁላት። ሰማችና "እንደገና" አለች። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ እንድቆይ አዘዘችኝ፤ የዓይኔ ቆብ ቀስ እያለ ወረደ። ጮክ ብዬ ቁጥር እንድቆጥር አዘዘችኝ፤ ድምፄ መንገድ ላይ ጠፋ።

"ማያስቴኒያ ግራቪስ ይመስለኛል" አለች። "ነርቭ ጡንቻን ሲያዝዝ፣ ሰውነትሽ ራሱ ትእዛዙን መንገድ ላይ ይዘጋዋል። ጡንቻሽ ጤነኛ ነው፤ ትእዛዙ ግን አይደርሰውም።" የደም ምርመራው አረጋገጠው። በሲቲ ስካን ደግሞ ከደረቴ አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የሚባል እጢ አብጦ ተገኘ። ፒሪዶስቲግሚን የሚባል ክኒን ጀመረችልኝና አስጠነቀቀችኝ፦ "መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።"

ክረምት ገባ። ጉንፋን ያዘኝ፤ ወደ ደረቴ ወረደ።

አንድ ጠዋት ክኒኔን ልውጥ ውኃ ተጎነጨሁ። ውኃው በአፍንጫዬ ወጣ። ክኒኑ አልወረደም። ጋደም ብል አየር አጣሁ። ተቀመጥሁ። አንገቴ ራሴን አልሸከም አለ። ለልጄ ደወልሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ለቡድናችን መልእክት ልቀዳ ሞከርሁ። ቃል አልወጣም። ትንፋሽ ብቻ።

እትዬ እናኑ ሰሙት። አንድ ጊዜ በርበሬ በታክሲ ስለላኩልኝ አድራሻዬን ያውቁታል፤ ከገዴራ ሆነው አምቡላንስ ጠሩልኝ። ጌታሁን ደወለ። "አትመልሺልኝ። ስሚኝ ብቻ። በሩን መክፈት ትችያለሽ?" ግድግዳ ተደግፌ ሄድሁ። ከፈትሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ስልኩን አልዘጋም። ስለ መንገዱ አወራኝ። ስለ ዝናቡ አወራኝ። "አለሁ፣ ፈንቴ። አለሁ።"

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "የመተንፈሻ ጡንቻሽ ደክሟል። ቱቦ እናስገባለን፣ ማሽን ይተነፍስልሻል። ካላደረግን ዛሬን አታልፊም።" በጣቴ እሺ አልሁ።

ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። ራሴን ስቼ አይደለም። ማደንዘዣው ሲቀንስ ነቅቻለሁ፤ ዓይኔን ግን መግለጥ አልችልም። መናገር አልችልም። ጣቴም እምቢ አለኝ። ሰዎች እንደተኛሁ አስበው ከላዬ ያወራሉ። "ትተርፋለች?" ሲባል ሰማሁ። መልሱን አልሰማሁም።

አንድ ቀን "ፈንቴ፣ እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ እናኑ። ያን ሁሉ ዓመት በጆሮዬ ብቻ የማውቃቸው ሴት አጠገቤ ተቀምጠው አሁንም በጆሮዬ ብቻ አገኘኋቸው። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። በሌላ ቀን ጌታሁን መጣ። "ያላ፣ ተነሺ" አለኝ፤ ድምፁ ተሰበረ፤ ከክፍሉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ፕላዝማፌሬሲስ በሚባለው ሕክምና ደሜን በማሽን እያወጡ፣ የሚያጠቃኝን አጣርተው ይመልሱልኝ ነበር። ቀስ በቀስ የዓይኔ ቆብ ተነሣ። ቱቦው ወጣ። እትዬ እናኑን አየኋቸው፤ ካሰብሁት ያጥራሉ። በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ጌታሁን ነው። "ወደ ሰሜን የሚያመላልሰው ጭነት በዝቶበታል፣ ስልኩም ተበላሽቷል" አሉኝ። አመንሁ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት እትዬ እናኑ፣ ፈቃድ ያገኘው ልጄና አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ አብረው መጡ። ለመርዶ የሚመጣ ሰው አገባቡ ያስታውቃል። ማንም ወንበር አልሳበም።

"ማን ነው?" አልሁ።

"ጌታሁን" አሉ ሽማግሌው።

ልቡ ነው። እኔ ማሽን ላይ ሳለሁ። ቁርስ ቀርቦ ወደቀ። ደረቱን ሲያቃጥለው ከርሞ "ጨጓራ ነው" እያለ ክኒን ይውጥ ነበር። ሚስቱ ሐኪም ዘንድ ሂድ ስትለው "ሥራ ቀለል ሲል" ይላታል። ለእኛ አንድም ቀን አልነገረንም። ድንጋጤ በሽታዬን እንዳይቀሰቅሰው ሐኪሞቹ አስጠንቅቀው ኖሮ፣ እትዬ እናኑ ለቅሶ ደርሰው እየመጡ እኔን ያጽናኑኝ ነበር።

አለቀስሁ። ፊቴ ግን አላለቀሰም። እንባ ይወርዳል፣ አፌ አይታዘዝም። ልጮኽ ስል ድምፄ በአፍንጫዬ አመለጠ። "ቀስ በይ፣ ትንፋሽሽን" አሉኝ እትዬ እናኑ፤ የእኔንም ለቅሶ እሳቸው አለቀሱልኝ።

ማገገሙ ረጅም ነበር፤ ፕሬድኒሶን የሚባለው መድኃኒት ፊቴን አሳበጠው፣ እንቅልፌን ወሰደው፣ ስኳሬን ከፍ አደረገው፤ እየበረታሁ ስመጣ ታይመሱ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደህና የምሆንባቸው ቀናት እየበዙ መጡ፤ በተቀመጥሁበት ወደምሠራው ቦታ ተዛውሬ ፋብሪካ ተመለስሁ። ጉልበት ሳገኝ ከእትዬ እናኑ ጋር ያቭነ ሄድን። ለሚስቱ የጌታሁን ድምፅ፣ የዓመታቱ ሁሉ፣ ስልኬ ውስጥ እንዳለ ነገርኋት። "አሁን ልሰማው አልችልም" አለች። "ግን እንዳታጠፊው። ልጆቹ ይፈልጉታል።" ለልጆቹ ሌላ ቦታም ገልብጬ አስቀመጥሁላቸው።

ይህ በሽታ ይዟችሁ ለምታነቡኝ የምለው ይኸው ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚደክም ዓይን፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካላችሁ፣ በሚደክምበት ሰዓት ድምፃችሁን ቅዱና ለሐኪም አሰሙ። የበሽታውን ስም ለማንኛውም ሐኪም፣ ለጥርስ ሐኪምም ጭምር ንገሩ፤ የሚያባብሱት መድኃኒቶች አሉና። ጉንፋንን አትናቁ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ አድራሻችሁን የሚያውቅ ወዳጅ ይኑራችሁ። የምታስታምሙም፣ በሽተኛው ዓይኑን ባይገልጥም ይሰማልና ስሙን ጠርታችሁ አውሩት። መድኃኒት ለሰጡኝ፣ ሌሊትና ቀን ላገላበጡኝ፣ ስለ እኔ ለጸለዩልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእትዬ እናኑ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አንድ የቀረኝ ለታማሚ የምለው አይደለም። ወዳጁን "ሐኪም ዘንድ ሂጂ" እያለ በየቀኑ የሚጎተጉት ደግ ሰው በየቤቱ አለ። አንተ ሰው፣ ደረትህን የሚያቃጥልህ ነገር ካለ ዛሬውኑ ሂድ። ጭነቱ ይቆይ።