ሹምባሹም ቆመ

እናንተ ደጋ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ «ቆላ ወርዳ ወባ በላት» ትላላችሁ አሉ። አልበላኝም፣ አለሁ! ከደብረ ሲና የወጣሁት ዶሮ ሲጮህ ነው፣ ወለላን አዝዬ። ወለላ የእህቴ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና ሰባት ዓመቷ። አባቷ ቀድሞ ሞቷል፤ እህቴም ነፍሷ ልትወጣ ስትል እጄን ይዛ «ልጄን አደራ፣ በልጅነቷ ለባል እንዳይሰጡብኝ» አለችኝ። የእናቷ አርባ ሳይወጣ የአባቷ ወንድም አያ ደስታ ለአንድ ባለጠጋ ልጅ ሊድራት ቃል ገባ። ታዲያ ምን ልጠብቅ? ወረድኩ።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ፣ ኧረ ጉድ! ጋቢዬን የት ልጣለው? ገብስ የለመደ አፌም የማሽላ እንጀራ አልዋጥ አለው። ዛሬ ግን የማሽላ እሸት ሲደርስ ከወለላ ጋር እንሻማለን። ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘሐራ የሚባሉ የቆላው ነጋዴ ናቸው።

«እትዬ፣ ጣራው ያፈሳል እንዴ?» ብላቸው፣

«ያፈሳላ! አንቺ ዝናቡን ከደጋሽ አምጪ፣ ጣራው በኔ ይሁን ኢንሻ አላህ!» አሉኝ።

ግን ደግ ናቸው። አያ ደስታ ሊከሰኝ ነው ስላቸው ያኔ ዘመኑ የጣሊያን ነበርና እጄን ጎትተው ጣሊያኑ ሹም ዘንድ አቀረቡኝ። ሹሙ በአስተርጓሚ ሰምቶ፣ «ልጅቱ እስክታድግ ከአክስቷ ጋር ትኑር» ብሎ ፈረደ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከወንዝ ስመለስ ወለላ የለችም። አያ ደስታ በቅሎ ላይ ጭኗት ሄዷል፣ አሉኝ ጎረቤቶቼ። እየጮህኩ ፖሊስ ዘንድ ሮጥኩ። ፖሊሱ በማዕረጉ ሹምባሽ የሚሉት፣ ለጣሊያን ያደረ የመንዝ ሰው ነው፤ ተቀምጦ ሸንኮራውን ይመጥጣል።

«ልጄን ወሰዱብኝ!»

«ፍርዱ ከአክስቷ ጋር ትኑር ነው የሚለው። ሄደህ አምጣት ይላል?»

«እንግዲያስ እኔም ተይዤ ልወሰድ? ያኔ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች!»

ሳቁ አመለጠውና ጠመንጃውን አነሳ።

በቅሎዋን ውሃ ሲያጠጣ አርማንያ ዳገት ስር ደረስንበት። ሹምባሹ «ልጅቱን አውርድ» ቢለው፣ «የወንድሜ ሥጋ ናት! ጣሊያን በቤቴ ምን አገባው?» ብሎ በቅሎዋን እየጎተተ ዳገቱን ተያያዘው። ወለላ «አክስቴ!» ብላ ስትጮህ አፌ ከልጅነቱ የለመደውን አወጣ፦

«በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

አያ ደስታ ቀጥ አለ። በኛ አገር በዚህ ቃል የተያዘ ሰው ንቅንቅ አይልም፤ አባት አያት የቆሙለት ሕግ ነው። በጣሊያን ዘመን ግን ጃንሆይን መጥራት አንገትን ለገመድ መስጠት ነበር። ወየው፣ ምን አልኩ! ብዬ ዞር ስል ሹምባሹም ከኋላዬ ቆሟል።

ቀድሞ የነቃው አያ ደስታ ነው። «ሰማህ ሹምባሽ? ጃንሆይን ጠራች! እሰራት!»

ሹምባሹ ላቡን ጠረገ።

«እኔ አልሰማሁም። አንተ ሰማህ?»

«በደንብ ነዋ!»

«ሰምተህ ነው የቆምከው?»

አያ ደስታ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ።

«እሷ ጠራች፤ የታዘዝከው ግን አንተ ነህ። ሹሙ ፊት ማንኛችሁን ላቅርብ?»

«አንተስ ለምን ቆምክ?»

«እኔማ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶብኝ ነው።»

አያ ደስታ ልጓሙን ለቀቀ። ወለላን አቅፌ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ስንመለስ ሹምባሹ ቀስ ብሎ፣ «ሴትዮ፣ ሁለተኛ እንዳትደግሚው። እግሬ እምቢ ነው ያለኝ» አለኝ።

አሁን ምን ጎደለኝ? ጣራውም ተጠግኗል፣ ጃንሆይም ተመልሰዋል። ማታ ማታ ግን ወደ ደብረ ሲና ጭጋግ ሳንጋጥጥ ሆዴ ይባባል። የእህቴ መቃብር እዚያ ነው፤ አያ ደስታም እዚያው ነውና ልጄን ይዤ መውጣት አልደፈርኩም። እባካችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ስታልፉ እህቴን እንዲህ በሉልኝ፦ ወለላ ትከሻዬ ደርሳለች። ለጋብቻ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ደጅ ወጥታ፣ «በጃንሆይ አምላክ፣ ቁሙ!» ትላቸዋለች። ይቆማሉም።