ትሮፊምና የስሱ በረዶ ስም

ትሮፊም አርባ ዓመት ሙሉ በሶይኪኖ ባሕር ዳር ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ጎረቤቴ ነበር። ቀልደኛ ነበር፤ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩለትን ቋንቋችንን፣ ኢንግሪኛን፣ እንደ እሱ አጥርቶ የሚናገር በመንደሩ አልነበረም። አንድ ቀን መረብ ሲጎትት ጀልባው ውስጥ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ።

በዓመቱ ሌምቢት የሚባል የቋንቋ አጥኚ ከታርቱ ከተማ መጣ። የሚያሳድደው አንድ ቃል ነው፦ ብርዱ ሲጀምር የባሕሩን ዳር የሚሸፍነው ስስ በረዶ ስም፣ «ሪቴ»። ቃሉ በጥንት ጊዜ የሚያልቀው በ«ህ» ይሁን በ«ክ» አልለየለትም። ብቻውን ሲጠራ መጨረሻው ጠፍቷል፤ «የስሱ በረዶ» ለማለት ሲረባ ግን የጠፋው ድምፅ በሽማግሌዎች አፍ ብቅ ይላል ብሎ ተስፋ አድርጓል።

«እማማ አኩሊና፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚሉት?» አላት የትሮፊምን እኅት።

«እኔማ ሩሲያዊ አግብቼ ስንቱን ረሳሁት፣ ልጄ! የአባታችንን አነጋገር የያዘው እሱ ነው» ብላ ወደ አልጋው አመለከተች።

ትሮፊም ጥያቄውን ሲሰማ ዓይኑ በራ። አፉን ከፈተ። «ሪ... ህህህ...»

ሌምቢት ከመቀመጫው ተነሣ። «‹ህ› ነው! ሰማችሁ?»

«ውሃ አምጡልኝ ሲልም እንደዚያው ነው የሚለው» አለች አኩሊና።

ሌምቢት ቃሉን በ«ህ»ም በ«ክ»ም እያረባ አሰማው። ትሮፊም ለሁለቱም «አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከወደቀ ወዲህ አዎና አይደለም ይምታቱበታል። ይጽፈው እንዳይባል፣ በቋንቋችን መጻፍ ማን አስተምሮት!

«አባባ፣ እባክዎ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ።»

ደገመ። ሰባት ጊዜ ደገመ። ላቡ ወረደ፤ በግራ እጁ ፍራሹን ይደበድብ ጀመር፤ ከዚያ አለቀሰ።

«ተወው በቃ! ልትገድልብኝ ነው እንዴ?» ጮኸች አኩሊና።

ሌምቢት መቅረጫውን አጠፋ። ሊሄድ ሲነሣ ግን ትሮፊም እጅጌውን ይዞ አልለቅ አለው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ትሮፊም ከፋሲካ በኋላ ሞተ። በሁለተኛው ዓመት ሌምቢት ያሳተመውን ጽሑፍ ላከልን፤ ቃሉ ከነርባታው አለ፣ ከርባታው ፊት ግን ኮከብ ተደርጎበታል።

«ኮከቡ ምንድን ነው?» አለችኝ አኩሊና።

«በግምት የተደረሰበት ነው ማለት ነው። ከሰው አፍ አልተሰማም።»

«አልተሰማም? እኔ እኮ ልጅ ሆኜ በየዓመቱ ስሰማው ነው ያደግሁት!»

ልትለው አፏን ከፈተች። ጠበቅኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም።

«እዚህ ጋ ነው ያለው» አለችኝ ጉሮሮዋን እየነካች። እኔም ያንን ርባታ ሰምቼው አላውቅ፤ ምን ልርዳት?