ባለቤት የሌለው አቧራ

አምለሰት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው የመኪና መንገድ ወረድ ብላ፣ የሁለት ሆቴሎችን አንሶላ እያጠበች ትኖራለች። ልጇ ያምሮት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ከመስከረም ወዲህ ደረቷ እንደ ወናፍ ያፏጫል፤ ትስላለች። ጤና ጣቢያ ስትወስዳት «ከአቧራ አርቂያት» አሏት። አራቀቻት። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ውኃ ረጨች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቀች። ሳሉ ባሰ።

አንድ ማክሰኞ ያሰጣችውን አንሶላ ልታነሳ ስትል ጥቁር ነቁጥ ነቁጥ ብሎበት አገኘችው። በጣቷ ብታብሰው ተለቀለቀ እንጂ አልረገፈም። አምለሰት እድፍ ለይታ ታውቃለች። የመንገድ አቧራ ሲያራግፉት ይሄዳል፤ የማገዶ ጥላሸት ሳሙና ሲነካው ይለቃል። ይኸ ግን እንደ ሞራ ይንሸራተታል። ሲያሸቱት ጎማ ጎማ ይላል።

ከአጥሩ ማዶ የአያ ገነነ ጋራዥ ነው። እዚያ አሮጌ ጎማ ተከምሮ፣ የተቃጠለ ዘይት ይደፋበትና ይነዳል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ እንዲሸጥ።

«አያ ገነነ፣ ጭስዎ ልጄን ጨረሳት» አለቻቸው ሄዳ።

«የኔ ጭስ?» ሳቁ። «አቧራ ነው ልጄ። በጋ አይደል እንዴ?»

ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ አቶ እንድሪያስም ቀና ሳይሉ «አቧራ ነው» አሏት። በሩን ስትወጣ ነገሩ ገባት። አቧራ ባለቤት የለውም፤ ጭስ ግን ባለቤት አለው። ለዚህ ነው ሁሉም አቧራ የሚለው። ንዴቱ ከእግሯ እስከ ራሷ ነዘራት።

በማግስቱ የራሷን አንድ ነጭ አንሶላ ቀዳ ለአራት ከፈለች። አንዱን በመንገዱ በኩል፣ አንዱን በጋራዡ አጥር፣ አንዱን ከቤቷ ጀርባ ባለው ማሳ በኩል ሰቀለች። አራተኛውን ቤት ውስጥ፣ ያምሮት ከምትተኛበት በላይ አደረገችው፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲመሰክርላት።

«ባንዲራ ነው?» አለቻት ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤቷ ሳቢሃ።

«የክስ ማመልከቻ ነው።»

በሦስተኛው ቀን አወረደቻቸው። የመንገዱ ጨርቅ ላይ አቧራና የናፍጣ ጥቀርሻ ተቀላቅሎበታል። የማሳው ቢነኩትም ጣት አያቆሽሽም። የጋራዡ ጠቁሯል። የቤቱን ስታይ ግን ቁጭ አለች። እሱም ጠቁሮ ነበር፣ እሱም ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት ከሰሉን በፌስታል ቁራጭ ታቀጣጥላለች፤ ያውም በሯን ጠርቅማ።

«ምን ታደርጊ፣ ሁላችንም በፌስታል አይደል የምናቀጣጥለው?» አለች ሳቢሃ። «እናቶቻችንስ?»

«እናቶቻችን ፌስታል አልነበራቸውም።»

በራሷ ተቃጠለች። ከራሷ ይልቅ ግን አቧራ ነው እያሉ በሯን ባዘጓት ሰዎች ነደደች።

ቀበሌው ስብሰባ በጠራ ቀን አራቱንም ጨርቅና አንድ ባልዲ ውኃ ይዛ ሄደች። የጋራዡን ጨርቅ አቶ እንድሪያስ ፊት ዘረጋችው።

«ይንኩልኝ።»

ነኩት።

«አሁን ይታጠቡ። አቧራ ከሆነ ይለቃል።»

ሰውየው ታጠቡ። ጥቁሩ ከጣታቸው ወደ መዳፋቸው፣ ከመዳፋቸው ወደ ነጭ እጅጌያቸው ተዛመተ። ከኋላ አንድ ሰው «ይኸ አቧራ ጌታ አለው መሰል፣ ውኃ አይፈራም» አለና ተሰብሳቢው ሳቀ።

አያ ገነነ ብድግ ብለው ከአምለሰት ቤት የመጣውን ጨርቅ አነሱ። «ይኸኛውስ ከጓዳሽ አይደል?»

«ነው፤ የኔ ነው። ካወረድኩት ቀን ጀምሮ በጭራሮ አቀጣጥላለሁ፣ መስኮቴንም ከፍቻለሁ። የኔን ተናገርኩ። ያኛው የማን ነው?»

አያ ገነነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ካስቸገረ፣ ከከተማ ውጭ፣ ሽንዲ መንገድ ወስጄ አቃጥለዋለሁ።»

የእሳቸው መሆኑን በራሳቸው አፍ ተናግረዋል።

«ሽንዲ መንገድም ልጅ ይተነፍሳል» አለች አምለሰት። «ሽቦው ይቅርብዎ። ጎማው አይቃጠልም።»

አቶ እንድሪያስ እጅጌያቸውን አንዴ አይተው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጎማ አይቃጠልም፤ ከተማ ውስጥም፣ ከከተማ ውጭም። አያ ገነነ ይፈርሙ።»

ፈረሙ፤ እያጉረመረሙ። አምለሰት ፊርማው እስኪደርቅ አልተቀመጠችም። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ጠይቃ፣ አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችውና ልጇን ከሳቢሃ ልትቀበል ወጣች። ያምሮት አሁንም ትስላለች።