ስለ ጉልበቴ የሰጠሁት ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ ካለ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ነበር። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተራውን ሲጠብቅ እኔ አራት ጊዜ ተነስቼ አራት ጊዜ ተቀመጥኩ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ዕድሜም አላስተማረኝም። ተራዬ ሲደርስ፣ ልጄ የምትሆን ሐኪም የጉልበቴን ራጅ ወደ መብራቱ አንስታ አየችና በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን፣ ልም አጥንቱ ተበልቶ ማለቁን ነገረችኝ። መቼ እንደጀመረኝም ጠየቀችኝ። ልጅ ሳለሁ ኳስ ስጫወት ነው ብዬ አሳጠርኩባት። ውጭ የሚጠብቅ ሰው ስለነበር እንጂ ነገሩ ረጅም ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ኮምቦልቻ እንኖር ነበር፣ እኔና እናቴ ብቻ። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር ፈታይ ነበረች፤ እሁድ ደግሞ ከጉባኤ የማትቀር ጴንጤ። ወሩ ጥቅምት ነው። ሜዳው ከክረምቱ ጭቃ ገና አልወጣም፣ ከየጓሮው የሚጠበስ የማሽላ እሸት ይሸታል፣ እኛም ከትምህርት ቤት ወጥተን ምሳ ሳንበላ እንራገጣለን። ኳስ ልነጥቅ ስዞር እግሬ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረና ሰውነቴ ብቻውን ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሲመሻሽ ሱሪዬን ማውለቅ እስኪያቅተኝ አበጠ።

ወጌሻው ዳስሶ አጥንት አልወለቀም፣ ግን አንድ ወር ይተኛ ብሎ ሄደ። አንድ ወር ቀርቶ አንድ ሳምንቱን እንዴት እንደተኛሁ አላውቅም። የጣሪያውን ሚስማር ቆጠርኩ፤ በመስኮት የሚያልፈውን ጤነኛ ሰው ሁሉ ጠላሁት። ረቡዕ ምእመናን ቤታችን መጥተው ጸለዩልኝ። ቅዳሜ እብጠቱ ጎደለ። እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነስቼ ወደ ፊት ወጣሁና ጌታ ጉልበቴን ፈውሷል አልኩ። ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ ዘለልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፤ እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ዋሽቼ ነው ወይ? ግማሹ እምነት ነበር። ግማሹ መተኛት መሮኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማነከስ አልችልም። በእኛ ዘንድ የመሰከረ ሰው ምስክርነቱን ይዞ በመንደሩ መሀል ይኖራል። የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንዴት ነው ጉልበትህ ይሉኛል። ተመስገን እላለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ከዓይናቸው ስሰወር አጥር እይዛለሁ። እናቴ ሰው እየጠራች ባታሳየኝም፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይሄድ ነበር።

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን፣ ቲቸር ይማም፣ የበግ እግር ከነጉልበቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ ክፍል ገባ። "የእስላም ሥጋ ነው፤ ትነኩታላችሁ እንጂ አትበሉትም" ብሎ ክርስቲያኖቹን አሳቀን። መጀመሪያ ጆሯችንን አጥፈን እንድንለቀው አዘዘን፤ ተመልሶ ቀጥ አለ። ልም አጥንት ሦስት ዓይነት ነው፣ ይሄ ተለማጩ ነው አለ። ከዚያ ለሁለተኛው የበጉን አጥንት ጫፍ አስነካን፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያንሸራትት ነው። የአፍንጫችን፣ የአየር ቧንቧችንና የጎድናችን ጫፍም ከዚሁ ወገን ነው። ሦስተኛውን በምላጭ ከፍቶ አሳየን፤ ጉልበቱ ውስጥ እንደ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የተቀመጠ፣ በክር የተጠላለፈ ጠንካራ ነገር። በጀርባ አጥንቶቻችን መካከልም ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ሕዋሳቱ ራሳቸው በሠሩት ጠጣር ነገር ውስጥ በየጉድጓዳቸው ተቀምጠዋል፤ የደም ሥር አይደርሳቸውም፤ ምግባቸው ስንንቀሳቀስ ከዙሪያቸው ካለው ፈሳሽ እየሰረገ ነው የሚገባላቸው።

እጄን አውጥቼ፣ ከተቀደደስ አልኩት።

"ደም ስለሌለው ቶሎ አይድንም። አንዳንዱም ጨርሶ አይገጥምም።"

"እብጠቱ ከጎደለስ?"

"እብጠት ሌላ፣ ቁስል ሌላ ነው ልጄ" አለና ከዴስክ ሥር የዘረጋሁትን እግር አየ። የማን ጉልበት እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ የሰው ነው አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን አፈርኩ፣ ፈራሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ደሴ ያለች የእናቴ እህት ምስክርነቱን ለእነሱም ጉባኤ እንዳሰማ ጠራችን። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉም ነበር፤ እኔ ተራራውን ሳይሆን የምወጣውን ደረጃ ነበር የማስበው። አዳራሹ ዳገት ላይ ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ ይወጣል። እኩሌታው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ተቆለፈ፤ አልታጠፍ አልዘረጋ አለ። እናቴ ከኋላዬ ነበረች።

"እማ፣ አልዳነም" አልኳት።

"አውቃለሁ። ስትዘል፣ ሁለተኛው ላይ ፊትህን አየሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እውነት እንዲሆን ፈልጌ" አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከላይ መዝሙር ይሰማ ነበር።

ጉልበቴ ሲፈታ ገባን። ስሜ ሲጠራ እሷ ተነሳች። ልጄ አልዳነም፣ የመሰከረው ቸኩሎ ነው፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፣ ጸልዩልን አለች። እልልታ የለም። አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። በማግስቱ እሁድ ኮምቦልቻ ላይ እኔው ራሴ ቆሜ ተናገርኩ፤ ጋሽ ማቴዎስም፣ በል አሁን ሄደህ ተኛ ብቻ አሉኝ። ተኛሁ፣ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ የረገጥኩበትን መመለስ አልተቻለም።

ሐኪሟ በቀስታ እንድራመድ፣ ደረጃ እንዳላበዛ መክራኛለች። እሞክራለሁ። በጉልበቴ አላዝንም፤ የራሴ ሥራ ነው። እናቴ ካረፈች ግን ስንት ዓመቷ፣ አሁንም ዕረፍት የሚነሳኝ አንድ ነገር አለ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ገበያም ጉባኤም ስንሄድ ምንጊዜም ከኋላዬ ነበር የምትሄደው። ያኔ እኔ ፈጥኜ፣ እሷ ደክሟት ይመስለኝ ነበር። ለካ ብወድቅ ልትይዘኝ ነበር።